ብርማ ቀለም የተቀባው ጠመንጃ

በሶዶ ገበያ ዳር ባለችው የራዲዮ መጠገኛ ሱቄ ግድግዳ ላይ አራት ጠመንጃዎች ተሰቅለዋል። ሦስቱ ከዋንዛ፣ አንዱ ከቀርከሃ የተሠሩ ናቸው። አፈሙዛቸው ላይ የባትሪ መብራት መስተዋት አለ፤ ጎናቸው ላይ የተቃጠለ የራዲዮ ቫልቭ፣ የመዳብ ሽቦ ጥምጥም፣ ከዱቄት ወተት ጣሳ የተቆረጠ ቆርቆሮ። ጥይት አይተኩሱም። የሚተኩሱት ጨረር ነው ተብሎ ነው የተሠሩት፤ ያውም በጨረቃ ሰዎች እጅ። ራዲዮ ሊያሠራ የሚመጣ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ያያቸውና ይስቃል። አንዳንዱ አውርዶ ያነጣጥርብኛል። እኔም አብሬ እስቃለሁ።

አምስተኛው እዚህ የለም። ይህን የምጽፈው ስለ አምስተኛው ነው።

ትምህርቴን ያቆምኩት አራተኛ ክፍል ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ የማውቀውን ሁሉ ያወቅሁት እየፈታሁና እየገጠምኩ፣ ከራዲዮ ጋር የሚመጣውን ወረቀት መዝገበ ቃላት ይዤ ቃል በቃል እየፈለግሁ ነው። ለመናገር አልቸኩልም። ስለካ ግን ሚሊሜትር አልምርም፤ ሳልሞክር የምሠራው ነገር የለም፤ የሞከርኩትንም በደብተሬ ላይ እጽፋለሁ። ሰው ስለ እኔ የሚያውቀው ይህንን ነበር። እኔም ስለ ራሴ የማውቀው ይህንኑ ነበር።

ካቻምና ከውጭ አገር የመጣ አንድ ወጣት የሳይንስ መምህር ትንሽ የሲኒማ ካሜራ ይዞ ወደ ሱቄ መጣ። እንደ ሰዓት የሚጠመዘዝ ካሜራ ነው፤ ሞላው ያዝ አድርጎ አልዞር ብሎት ነበር። ከፍቼ ባየው በጥርሶቹ መሀል የሰሊጥ ፍሬ የምታህል አሸዋ ተሰንቅራለች። በመርፌ አወጣኋት። መምህሩ ሲጠመዝዘው ካሜራው እየዞረ ተንጫረረ፤ ፊቱ በራ።

«አንቺ በጣም ጎበዝ ነሽ!» አለኝ።

ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ከስፌት መኪናው ላይ ቀና ብሎ «እኔን ትናንት እመቤት አድርጎኝ ነው የሄደው፤ አንተስ ምን ታደርግ!» አለ። መምህሩ አማርኛ ለምዷል፤ ወንድና ሴት መለየት ብቻ አልሆነለትም።

ያን ቀን ሐሳቡን ነገረን። የትምህርት ቤቱ መምህራን፣ የጽሕፈት ቤት ሠራተኞችና የላይኛው ክፍል ተማሪዎች ሆነው ሲኒማ ሊሠሩ ነው። ታሪኩ እንዲህ ነው፦ ጨረቃ ላይ ውሃ ይደርቃል፤ የጨረቃ ሰዎች ዳሞታ ተራራ ላይ ያርፉና ምንጮቻችንን ሊወስዱ ይመጣሉ፤ የሶዶ ልጆች ይመክቷቸዋል። ልብስ ሰፊው ከማዳበሪያ ጆንያ የጨረቃ ልብስ ይሰፋል፤ ቁመቱ ረጅም ስለሆነ አለቃቸውም እርሱ ይሆናል። የራስ ቁራቸው ትልልቅ ቅል ነው። «ጠመንጃ አንቺ ትሠሪያለሽ» አለኝ መምህሩ።

የተማሩ ሰዎች በእጄ ሥራ ሲፈልጉኝ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ሦስት ሳምንት ራዲዮ ሁሉ ተሰልፎ ጠበቀኝ።

አራቱን ጠመንጃዎች ለሙከራ ስናወጣቸው ሰው ሁሉ አደነቀ። መምህሩ ግን ዓይኑን ካሜራው ላይ አድርጎ ብዙ ጊዜ ቆየና «ጥሩ ናት። ግን እንጨት ናት» አለ። ምን ማለቱ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ልብስ ሰፊው ጠመንጃውን የያዘው የጨርቅ መለኪያውን እንደሚይዘው ነበር። ብረት የተሸከመ ሰው ትከሻው ዘንበል ይላል፤ ሲዞር ቀስ ብሎ ነው የሚዞረው። የእኔ ጠመንጃ ክብደት የለውም፤ በሰውየው አካል ላይም ምንም አያደርግም። ውስጡን ቦርቡሬ ጠጠር ሞላሁበት። ተንሿሿ። ያን ጊዜ ነው የጎረቤታችን አሮጌ ጠመንጃ፣ ውጅግራው፣ ትዝ ያለኝ።

ጎረቤታችን ሽማግሌ ነበሩ። ቤታቸው ከቤታችን አርባ እርምጃ ነው። እነርሱ ኦርቶዶክስ ናቸው፤ እኛ የሚሽን ሰዎች ነን። ይህ ቅቤና እሳት ከመዋዋስ አላራራቀንም። በጠላት ጊዜ ይዘውት የዞሩት ውጅግራ ከመደባቸው በላይ ተሰቅሎ ነበር። ጥይት ካጣ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ቢሆንም በየቅዳሜው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው በዘይት ጨርቅ ያሹታል። በእኛ ቤት ጠመንጃ ኖሮ አያውቅም። አባቴ ሲያምን የአያቴን ጦር ብረቱን ነቅሎ መኮትኮቻ አደረገው ይባላል።

ከመምህሩ ጋር ሄድን።

«ለምንድን ነው?» አሉ ሽማግሌው።

«ለሲኒማ ነው፣ አባባ።»

«ሲኒማው ውስጥ ማን ነው የሚይዘው?»

«የጨረቃ ሰው።»

«ጨረቃ ላይ ሰው አለ?»

«የለም። ታሪክ ነው እንጂ።»

«ከሌለ ታዲያ ጠመንጃ ምን አደረገለት?»

ሚስታቸው ከጓዳ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ስጠው እንጂ! ግድግዳ ላይ ሆኖ ምን ሠራልህ? አይጡን እንኳ አላባረረልህ!» አሉ። ሽማግሌው ሳቁ። ተነሥተው ጠመንጃውን አወረዱት።

«ሦስት ነገር እነግርሃለሁ» አሉኝ። «መሬት አይተኛም። ለሰው ስትሰጥ በሁለት እጅህ ነው የምትሰጠው። ደግሞም እንደወሰድከው ትመልሰዋለህ። ለቅዳሜ።»

«እሺ፣ አባባ።»

ይህን ስንነጋገር ካሜራው ይንጫረር ነበር። «ምንድን ነው እሱ?» ሲሉ «እያነሣዎት ነው» አልኳቸው። ጋቢያቸውን አስተካከሉ፤ ጠመንጃውን ከእጄ መልሰው ተቀበሉኝ። «ቆይ፣ እንደገና ልስጥህ» አሉና ቀጥ ብለው ቆመው፣ አውራ ጣታቸውን በሰደፉ ላይ ቀስ አድርገው አሳልፈው፣ በሁለት እጃቸው ሰጡኝ።

ሱቄ ገብቼ መጀመሪያ የሠራሁት እንደ ልማዴ መለካት ነበር። ከሰደፉ እስከ አፈሙዙ አንድ ሜትር ከሠላሳ። በደብተሬ አንድ ገጽ ላይ አሳንሼ ሣልኩት፤ የማንገቻውን ቀለበት፣ የምላጩን ቅስት፣ ሁሉንም። በሰደፉ ግራ ጎን በቢላ የተጫሩ አጫጭር መስመሮች ነበሩ። አሥራ ሰባት ናቸው። አንዳንዶቹ ጥልቅ፣ አንዳንዶቹ በጥፍር እንደተነኩ ያህል ስስ። በመካከላቸው ያለው ርቀት እኩል አይደለም። እያንዳንዱን ርቀት ለክቼ ጻፍኩ። ጌጥ መስሎኝ ነበር። ምንድን ናቸው ብዬ ግን አልጠየቅሁም።

በዚያ ሳምንት ዝናቡ አላስቆም አለ። ቅዳሜ ደረሰ፤ ሲኒማው አልተነሣም። ሄጄ ነገርኳቸው። «ይሁን፣ ዝናቡን አንተ አላዘነብከው» አሉኝ። «ሲያባራ ታመጣዋለህ።»

ባያዘንብ ኖሮ፣ ቅዳሜ ዕለት እንደነበረ እመልሰው ነበር። ጊዜ ስላገኘሁ አሰብኩ። በሱቄ ጥግ ቆሞ ሳየው ከየትኛውም ዘበኛ ጠመንጃ የተለየ አልሆነልኝም። ጥቁር ብረት፣ ቡናማ እንጨት። የጨረቃ ሰው እንዴት ዳሞታ ላይ የዘበኛ ጠመንጃ ይዞ ይወርዳል? የቆርቆሮ የውሃ ታንክ ቀብቼ የተረፈኝ ብርማ ቀለም ነበረኝ። ምስማር ዘይት ቀባሁ፤ በላዩ ብርማውን ቀባሁ፤ አደረቅሁት፤ በላምባ ጨርቅ ጠረግሁት። በሁለት ደቂቃ ለቀቀ። በደብተሬ ላይ «ይለቃል» ብዬ ጻፍኩ።

የሞከርኩት ምስማር ነው። እንጨት አልሞከርኩም።

ይህን ስሕተት ለብዙ ጊዜ ለራሴ እንደ ዋና ጥፋቴ አድርጌ ስነግረው ቆየሁ፤ የሥራ ስሕተት ነውና ሰው ይረዳዋል። ዋናው ግን እሱ አልነበረም። ቤታቸው አርባ እርምጃ ነው። ሄጄ «አባባ፣ ልቀባው?» ማለት እችል ነበር። ያልሄድኩት አይሆንም እንደሚሉኝ ስለማውቅ ነው።

በተከታዩ ሳምንት ዓርብ ቀባሁት። ሰደፉንም አፈሙዙንም። ጫፉ ላይ መስተዋቱን አሠርኩ፤ በርሜሉን በመዳብ ሽቦ ጠመጠምኩት። ቅዳሜ ፀሐይ ወጣ። ዳሞታ ሥር ልብስ ሰፊው በጆንያውና በቅሉ ሆኖ ጠመንጃውን በሁለት እጅ ተቀበለኝ፤ በሁለት እጅ ተቀበል ብዬው ነበር። ከቁጥቋጦው ጀርባ ሲወጣ የሚያወራው ሰው ሁሉ ወደ እርሱ ዞረ። ትከሻው ዘንበል ብሏል። ሲዞር ብረቱ አብሮት ይዞራል፤ ፀሐዩ ከአፈሙዙ እስከ ሰደፉ ይሮጣል። መምህሩ «አሁን! አሁን ጠመንጃ ናት!» እያለ ካሜራውን ይጠመዝዛል። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

እሑድ ሥራ አንሠራም። ሰኞ ላምባና ጨርቅ ይዤ ተቀመጥኩ። ከጥምጥሙ ውጭ ያለው ብረት ለቀቀ፤ እንደጻፍኩት ሁለት ደቂቃ። ሰደፉ ላይ ስደርስ ጨርቁ ግራጫ ሆነ፤ እንጨቱም ግራጫ ሆነ። ለስንት ዓመት ዘይት የጠገበ እንጨት ቀለም አይጠጣም ብዬ ነበር። ጠጥቶታል። መስመሮቹ ውስጥ ብሩ ገብቶ ደርቋል።

ማክሰኞ ጠዋት እናቴ ሽማግሌው ደረታቸውን አሟቸው ወደ ሐኪም ቤት እንደተወሰዱ ነገረችን። አባቴ «እንጸልይላቸው» አለ። እኔም ዓይኔን ጨፈንኩ። በውስጤ የተሰማኝን እዚህ ካልጻፍኩት የቀረውን መጻፌ ዋጋ የለውም፦ ደስ አለኝ። ጠመንጃውን ዛሬ አይጠይቁኝም ብዬ ደስ አለኝ።

ረቡዕ የተሰበረ ጠርሙስና የብርጭቆ ወረቀት ይዤ ሰደፉን መፋቅ ጀመርኩ። መሬት አላስተኛሁትም፤ በሁለት በርጩማ ላይ ነበር ያጋደምኩት። ከሰጠኋቸው ቃል ያንን ጠብቄያለሁ። ግራጫው ሲነሣ ከሥሩ የወጣው እንጨት እንደተላጠ ቦይና፣ ማለትም እንደ ጎደሬ፣ ነጣ ያለ ነበር። መጀመሪያ ስሶቹ መስመሮች ጠፉ። አይቻለሁ። ደብተሬ ላይ ልካቸው አለኝ፣ መልሼ እጭራቸዋለሁ አልኩ። ቀጠልኩ። እስከ ምሳ ድረስ ጥልቆቹም ጠፉ። ሰደፉ ግማሹ ግራጫ፣ ግማሹ ነጭ ሆኖ ቀረ።

ሐሙስ ጠዋት የሽማግሌው አማች ሱቄ በር ላይ ቆመ። ጋቢውን አዘቅዝቆ ለብሷል።

«አባባ አረፉ» አለኝ። ገና አፌን ሳልከፍት «ጠመንጃውን አምጣ» አለ።

«ዛሬ?»

«መቼ ነው ታዲያ? ሰው እየተሰበሰበ ነው።»

«ለምን… ጋሼ፣ ለምንድን ነው የሚፈለገው?»

እንደ እብድ አየኝ። «በምን ልንሸኛቸው ነው? ባዶ እጃችንን?»

አላውቅም ነበር። ሰው ሲሞት ዱቡሻው ላይ፣ መንደሩ በሚሰበሰብበት ሜዳ፣ ጦርና ጋሻ ተይዞ እንደሚዞር ከሩቅ ሰምቻለሁ። የሚሽን ሰዎች ግን ይህን ትተናል፤ ልጆች ሳለን በሜዳው በኩል የለቅሶ ድምፅ ሲመጣ አባቴ በሩን ዘግቶ መዝሙር ያዘምረን ነበር። አንድ ሰው ጠመንጃውን ዕድሜ ልኩን በየቅዳሜው የሚወለውለው ለዚያ ቀን እንደሆነ፣ በዚያ ቀን ጠመንጃው ከባለቤቱ ፊት ፊት እንደሚሄድ፣ አርባ እርምጃ ላይ ተወልጄ አድጌ አላወቅሁም። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል የማይፈለግ ዕቃ መስሎኝ ነበር።

ጠመንጃውን በራሴ ጋቢ ጠቅልዬ ተከተልኩት።

ሜዳው ሞልቷል። ከሻንቶም ከቢጠናም የመጡ ዘመዶች ነበሩ። ፈረሰኞች ይዞራሉ፤ ሴቶች ደረታቸውን ይመታሉ። አማቹ በሰው መሀል ቆሞ ጠመንጃውን ከእጄ ወሰደና ጋቢውን ገለጠ።

የመዳቡ ጥምጥም ከበርሜሉ ላይ ገና አልተነሣም ነበር።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ አማቹ። እንደገና፣ ቀስ ብሎ «ይሄ ምንድን ነው?» አለ።

«ለሲኒማው ነው» አልኩ። ውሸት አይደለም። እውነትም አይደለም።

«ፈረንጁ ነው!» አለ ከኋላ አንድ ሰው። «ያ መምህር! የሰው ጠመንጃ ወስዶ የልጅ መጫወቻ አደረገው!»

ሁሉም ወደ እኔ አየ። ራሴን ዝቅ አደረግሁ። ራሱን ዝቅ ያደረገ ሰው አዎ ብሏል ማለት ነው፤ ያንን አውቅ ነበር። ዝቅ አድርጌ ቆየሁ።

አንድ ሽማግሌ ምርኩዛቸውን ለሰው ሰጥተው ቀረቡ። የሟቹ የጦር ጓደኛ ናቸው። ሰደፉን በግራ እጃቸው ያዙ፤ አውራ ጣታቸውን በነጣው እንጨት ላይ ወደ ላይ፣ እንደገና ወደ ታች አሳለፉ።

«የት አሉ?» አሉ።

ሰደፉን ገልብጠው ሌላውን ጎን አዩ።

«ጓደኛ በቀበረ ቁጥር ከሜዳ ሲመለስ አንድ ይጭር ነበር። አሥራ ሰባት ሰው ነው እዚህ ላይ የነበረው» አሉ፤ ለማንም አልነበረም የሚናገሩት። «እኔ ብቀድመው አሥራ ስምንተኛው እኔ ነበርኩ።»

አማቹ ጠመንጃውን መልሶ በጋቢው ጠቀለለው። ሌሎቹ ጦራቸውን ነቅለው ሲዞሩ እርሱ ያንን ጥቅል እንደ ሕፃን ታቅፎ ዞረ። ጋቢው የእኔ ጋቢ ነበር።

መምህሩ ከትምህርት በኋላ ጥቁር ክራቫት አሥሮ ሊያጽናና መጣ። ድንኳኑ ውስጥ ቦታ የሰጠው የለም። የሟቹ ሚስት፣ አሁን መበለት የሆኑት እማማ፣ ፊታቸውን ወደ ድንኳኑ ሸራ አዞሩ። ትንሽ ቆሞ ሄደ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በሰፈሩ ሲያልፍ ሰላምታውን የሚመልስለት ጠፋ። እማማ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ሳለ ባርኔጣውን ሲያነሣ ያዩት አይመስሉም። እኔ ሳልፍ ግን ይጠሩኛል። «ና ልጄ፣ ደርቀሃል» ይሉኛል። ቦይና ከዳጣ ጋር ያቀርቡልኛል። «ያ ሰውዬ አንተንም አሳፈረህ» ይሉኛል። እበላ ነበር። አራት ወር ሙሉ በላሁ።

አንድ ቀን መምህሩ ሱቄ መጥቶ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። «ምን አጠፋሁ?» አለኝ።

«ምንም። ሐዘን ላይ ስለሆኑ ነው።»

«ጠመንጃው ጸድታለች? መልሰሻል?»

«መልሻለሁ» አልኩ። ጠመንጃው በዚያን ጊዜ በእማማ ቤት ግድግዳ ላይ ነበርና ይህም ውሸት አልነበረም። እኔ የምዋሸው በእውነት ነው።

በአራተኛው ወር ሲኒማው ታጥቦ ከውጭ አገር በፖስታ ተመለሰ። የትምህርት ቤቱን አዳራሽ መስኮቶች በብርድ ልብስ ሸፍነን፣ አንሶላ ግድግዳው ላይ ወጥረን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሰው ገባ። ጄኔሬተሩን የማስነሣው እኔ ስለነበርኩ በር አጠገብ ቆሜያለሁ። ልብስ ሰፊው በአዲስ ኮት መጥቷል። እማማ በጥቁር ልብሳቸው ከአማቻቸው ጋር ሲገቡ ሳይ ወደ ግድግዳው ተጠጋሁ። እንደማይመጡ ነበር ያሰብኩት። አማቹ ሲያልፍ «አባባ ይታያሉ ተብሎ ነው እንጂ ለፈረንጁ ብለው አይደለም» አለኝ።

እውነትም ታዩ። የመጀመሪያው ሥዕል እርሳቸው ነበሩ። ጋቢያቸውን ያስተካክላሉ፤ አንድ ነገር ይናገራሉ፣ ድምፅ ግን የለም፤ ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ አውራ ጣታቸው በሰደፉ ላይ ቀስ ብሎ ያልፋል፤ በሁለት እጃቸው ይሰጣሉ። የሚቀበለው እጅ የእኔ ነው።

«አቁሙት!» አሉ እማማ። «አቁሙት እስቲ!» ማሽኑ ግን አይቆምም። ሽማግሌው ጠፉ፤ ዳሞታ መጣ። ከዚያ ቅል ያጠለቁት የጨረቃ ሰዎች ከቁጥቋጦው ሲወጡ ሳቁ ፈነዳ፤ ልብስ ሰፊው ያንን የሚያበራ ጠመንጃ ይዞ ሲዞር ደግሞ ጭብጨባ ሆነ። ከጎኔ የቆመ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ «ይሄ እውነተኛ ነው የሚመስለው!» አለ። ስመኘው የነበረው ቃል ነው። ወለሉን እያየሁ ሰማሁት።

ሲያበቃ መብራት በራ። መምህሩ ወረቀት ይዞ ፊት ቆመ። አንድ በአንድ ሁሉን አመሰገነ። በመጨረሻ ወደ በሩ ጠቆመ።

«አሁን ጎበዟን አመሰግናለሁ። ጠመንጃ ሁሉ እሷ ሠራች። ትልቋን ጠመንጃ ብር ቀባች። እኔ ቅቢ አላልኩም! አላሰብኩም! እሷ ብቻ፣ በራሷ ሐሳብ!»

ሰው እየሳቀ አጨበጨበ። «ቀረብ በል!» አሉኝ። ልብስ ሰፊው ከኋላ ገፋ አደረገኝ። ሁለት እርምጃ ወደ ፊት ሄድኩ። ያጨበጨቡት መቶ ሰው ይሆናሉ፤ ያላጨበጨቡት ሁለት ናቸው። እማማ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ያዩኝ ነበር። አልተቆጡም። የሚያውቁትን ሰው በሩቅ ለመለየት እንደሚሞክር ሰው ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው ነበር። ከዚያ ተነሥተው ወጡ።

በማግስቱ አማቹ መጣ። «እማማ ትመጣለህ ይሉሃል» ብሎ ሌላ ሳይጨምር ሄደ። ደብተሬን ይዤ ሄድኩ። እንድቀመጥ አልተነገረኝም።

«አንተ ነህ?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

«ለምን ሳትነግረን አደረግከው ልበልህ? ልጅ ነህ፣ ያምርልኛል ብለህ ነው። ደግሞም ስጠው ያልኩት እኔ ነኝ። ጠመንጃውን ለእግዚአብሔር ትቼዋለሁ።» ወደ ደጃፉ አመለከቱ። «ሰውየው ግን አገሩ እዚህ አይደለም። እናቱ እዚህ የለችም። ባሌን ሊያለቅስልኝ መጥቶ ፊቴን አዞርኩበት። አራት ወር ደጄን ሲያልፍ ሰላም ነሣሁት። አንተ እያየህ። የእኔን እየበላህ።»

ደብተሬን ብብቴ ሥር አደረግሁ።

«ሂድና ይዘኸው ና። እኔ ፊት ትነግረዋለህ።»

መምህሩ ፈተና ሲያርም ነበር። «እማማ ይጠሩሃል» ስለው ኮቱን ሳይለብስ ተነሣ። በእማማ ቤት መሀል ቆሜ፣ እንዲገባው ቀስ እያልኩ፣ የማያውቀው ቃል ሲያጋጥም ከኪሴ መዝገበ ቃላቱን አውጥቼ እየፈለግሁ ነገርኩት። ቀለሙ ከእንጨቱ አልለቅ እንዳለና ሰደፉን እንደፋቅሁ፤ መስመሮቹ ምን እንደነበሩ፤ ሜዳው ላይ አንተ ነህ ሲባል ራሴን ዝቅ እንዳደረግሁ። «ዝቅ አደረግሁ» የሚለው አልገባውም። በተግባር አሳየሁት። አማቹ በሩ ላይ ቆሞ ያይ ነበር።

መምህሩ ቀላ። ወደ እማማ ዞሮ ከወገቡ ጎንበስ አለና «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አላቸው፤ በአራት ወሩ። እማማ በሁለት እጃቸው እጁን ያዙት። «ተቀመጥ፣ ልጄ» አሉት። ተቀመጠ። እኔ እንደቆምኩ ነበርኩ።

ያን ጊዜ ደብተሬን ገለጥኩ። ሥዕሉን አሳየኋቸው። «ልካቸው ሁሉ አለኝ፣ እማማ። አሥራ ሰባቱም። በትክክል እዚያው ቦታ ላይ መልሼ እጭራቸዋለሁ።»

«አንተ ብትጭር ያንተ ጭረት ነው የሚሆነው» አሉ። «ማንን ቀብረህ ነው የምትጭረው?» ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። «ወረቀቱን ስጠኝ።»

ገጹን ቀደድኩና ሰጠኋቸው፤ በሁለት እጄ። ማንበብ አያውቁም። ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው አውራ ጣታቸውን በመጀመሪያው መስመር ላይ አደረጉና በወላይትኛ አንድ ስም ተናገሩ። በሁለተኛው ላይ ሌላ ስም። እንዲህ እያሉ እስከ አሥራ አንደኛው ድረስ ሄዱ። እዚያ ላይ ቆሙ። ጣታቸውን አላነሡም። «እነዚህን እሱ ነበር የሚያውቃቸው» አሉ።

የቀሩት ስድስት የማን እንደነበሩ የሟቹን የጦር ጓደኛ ለመጠየቅ በሳምንቱ ወደ ዱቦ አቅጣጫ በእግሬ ሄድኩ። እርሳቸውም ታመው ነበር፤ የነገሩኝ ሁለቱን ብቻ ነው። ጽፌ ለእማማ አመጣሁ። በሩ ላይ ተቀበሉኝ።

መምህሩ ባለፈው ክረምት ወደ አገሩ ተመለሰ። ሲኒማውን ለትምህርት ቤቱ ተወ። አልፎ አልፎ ያሳዩታል፤ ጄኔሬተሩን እኔ ነኝ የማስነሣው፤ የመጀመሪያው ሥዕል እስኪያልፍ ከውጭ እቆማለሁ። ጠመንጃው በእማማ ቤት ከመደቡ በላይ ነው፤ ብረቱ ጥቁር፣ ሰደፉ ግማሹ ግራጫ፣ ግማሹ ነጭ። ወረቀቱ ከኋላው በምስማር ተመትቷል።

በየቀኑ በደጃፋቸው አልፋለሁ። ሌላ መንገድ አለ፤ ግን አልሄድበትም። «እንደምን ዋሉ፣ እማማ» እላለሁ። «እግዚአብሔር ይመስገን» ይሉኛል። ሰላምታዬን አልነሡኝም። ግባ ግን አይሉኝም።